ስኔክ ፕሊስከንን በአማርኛ ምን እንበለው?

ደንገል (ክሩን የጀመረው) — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡10

ዛሬ አመሻሽ ላይ ስድስት ሆነን ጣና ዳር ካለ የጓደኛችን ግቢ ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ በተዋስነው ፕሮጀክተር እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን የጆን ካርፔንተርን «ከኒውዮርክ ማምለጥ» አየን። ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ በጨለማ የተጀመረው ክርክር ፊልሙ ካለቀም በኋላ አልበረደም፤ ሁለቱ እንዲያውም ተኳርፈው ነው የተለያዩት። ነገሩን እዚህ ማምጣት የወደድሁት ስለዚህ ነው። ፍጻሜውን ሳናነሣ መወያየት ስለማይቻል ፊልሙን ያላየ ሰው አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ላየውም ለማስታወስ ያህል፦ በፊልሙ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ወንጀል በ400 በመቶ ያድጋል፤ መንግሥትም የማንሃተንን ደሴት እንዳለች ወህኒ ያደርጋታል። በዙሪያዋ ባሉት ዳርቻዎች ግንብ ይቆማል፣ ድልድዮቿ በፈንጂ ይታጠራሉ፤ ውስጧ ግን አንድም ዘበኛ የለም። የገባ አይወጣም። ታሪኩ በ1997 ሲጀምር የፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን ተጠልፎ እዚያው ከተማ ላይ ይወድቃል፤ እሳቸው ይተርፉና በእስረኞቹ እጅ ይገባሉ፤ ይዘውት የነበረው ለታላላቅ መንግሥታት ጉባኤ መድረስ ያለበት አንድ ካሴት ነው። ሊያወጣቸው የሚችል ሰው ሲፈለግ የተገኘው በዚያው ሌሊት ወደ ወህኒው ሊገባ የነበረው ስኔክ ፕሊስከን ነው። ሰውየው የቀድሞ ወታደር ነው፤ በጀግንነቱ ተሸልሞ የነበረ፣ በኋላ የመንግሥት ገንዘብ ማከማቻ ዘርፎ የተፈረደበት። ፕሬዚዳንቱን በ22 ሰዓት ውስጥ ካወጣ ምሕረት ያገኛል።

ክርክሩ የጠናው በፍጻሜው ላይ ነው። ፕሊስከን ሰውየውን በሕይወት አስረክቦ፣ ፕሬዚዳንቱ በካሜራ ፊት ለመቅረብ ሲሰናዱ ጠጋ ይልና፣ እሳቸውን ለማውጣት ሲሉ ስለ ሞቱት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ይጠይቃቸዋል። የሚያገኘው መልስ ከአንገት በላይ የሆነ ምስጋና ነው። ከዚያ ጉባኤው ጆሮውን አቅንቶ ሲጠብቅ ከካሴቱ የሚወጣው የሚጠበቀው ንግግር ሳይሆን የጭፈራ ሙዚቃ ይሆናል። እውነተኛው ካሴት በፕሊስከን እጅ ነው፤ እያነከሰ ሲሄድ ሪባኑን እየመዘዘ ያወጣዋል። አንደኛው ጓደኛችን «ይህ ሰው ጀግና ነው» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «ዓለምን ከጦርነት ሊያድን የሚችለውን ነገር በኩርፊያ ያጠፋ ሰው በየትኛው አገር ነው ጀግና የሚባለው?» ሲል መለሰለት።

የእኔ ችግር ግን ቃሉ ነው። እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ አንዳንድ ጸሐፊዎች «ጸረ-ጀግና» ይሉታል፤ ለእኔ ይህ ቃል አይዋጥልኝም። ጸረ-ተባይ ተባይን ይገድላል፣ ጸረ-አረም አረምን ያደርቃል፤ በዚህ ልክ ከሄድን ጸረ-ጀግና ጀግና ባለበት የሚረጭ ነገር መሆኑ ነው። ትክክለኛው ቃል ከእኛው ዘንድ የነበረ ይመስለኛል፤ ሽፍታ ነው። ሽፍታን መንደርተኛው እየፈራው ያበላዋል፣ እያበላው ይዘፍንለታል፣ ያዙ ሲባል ደግሞ አላየሁም ይላል። ፕሊስከንም የሚሄድበት ሁሉ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ ያገኘው ሁሉ «ሞተሃል ሲሉ ነበር የሰማሁት» ይለዋል። ይህ የሽፍታ ዝና ካልሆነ ምን ሊባል ይችላል?


የፔዳ ልጅ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡55

ወንድሜ ደንገል፣ ስለ «ጸረ» ያነሣኸውን እቀበላለሁ፤ ሽፍታ የሚለውን ግን አልቀበልም።

ሽፍታ ከመሸፈቱ በፊት የሚናገረው በደል አለው። ርስቱን ተቀምቷል፣ ወይም ወንድሙ ተገድሎበት ዳኛ አጥቷል፣ ወይም በአደባባይ ተዋርዷል። «ዱር ቤቴ» ብሎ ሲወጣ የአገሩ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ባያጸድቅለትም እንኳ ያውቀዋል። ፕሊስከን ያንን ገንዘብ ለምን እንደ ዘረፈ ግን ፊልሙ አይነግረንም። የዘረፋውን ትዕይንት ቀርጸውት ነበር፤ መግቢያው ላይ እንዲሆን ታስቦ በኋላ ከፊልሙ ተቆርጦ ወጣ። ዳይሬክተሩ በደሉን ሊነግረን አልፈለገም ማለት ነው። በደሉ የማይታወቅ ዘራፊ በእኛ አገር ቀማኛ ይባላል፤ ለቀማኛ ደግሞ ማንም አልዘፈነለትም።

ሽፍታ የምትፈልጉ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1979 አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራውን «ማድ ማክስ» ተመልከቱ። ማክስ ፖሊስ ነበር፤ ሚስቱንና ልጁን የሞተር ሳይክል ወሮበሎች ሲገጩበት ሕግን ትቶ በራሱ መንገድ ወጣ። እሱን እናቴም ብታየው ይገባታል።


ጋሽ ቪዲዮ — እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ይህን ክር ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም። እኔ በዚህ ከተማ ለብዙ ዓመታት ቪዲዮ ቤት ነበረኝ፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አምስት አግዳሚ ወንበር፣ በበሩ ላይ ጆንያ መጋረጃ፤ መግቢያው አንድ ብር ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ስለነበር ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ የማስረዳው እኔ ነኝ። የማላውቀው ቃል ሲመጣ ከራሴ እጨምር ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ይህን ፊልም ቢያንስ ሃያ ጊዜ አሳይቻለሁ። ሰው መጀመሪያ የመጣው ለፕሊስከን ብሎ አልነበረም፤ ለሊ ቫን ክሊፍ ብሎ ነው። የእኔ ደንበኞች ያንን ዓይነ ጠባብ ሰው ከካውቦይ ፊልሞች ያውቁታል፤ እዚህ የፖሊሶቹን አለቃ ቦብ ሃውክን ሆኖ ሲያዩት ገና ሲገባ «መጣ!» ይሉ ነበር። ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነውን ልጅ ግን ማንም አያውቀውም። በኋላ እንዳነበብሁት ፕሊስከንን ሆኖ የሠራው ከርት ረስል ከዚያ በፊት በልጆች ፊልም የሚታወቅ ስለነበር የፊልሙ ባለገንዘቦች ሌላ ስመ ጥር ተዋናይ ፈልገው ነበር፤ አይሆንም ብሎ የተከራከራቸው ዳይሬክተሩ ነው። የዓይኑን መሸፈኛም ያሰበው ተዋናዩ ራሱ ነው ይባላል።

አሁን ወደ ጉዳያችሁ ልምጣ። ፕሊስከን ሪባኑን መምዘዝ ሲጀምር በእኔ ቤት ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። አንድ ሊስትሮ ነበር፤ በየሳምንቱ ሣጥኑን ይዞ ይመጣና ኋላ ሣጥኑ ላይ ቆሞ ያያል። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ብሩሹን እያወናጨፈ «ስጣቸው! ስጣቸውና ገላግለን!» ብሎ ይጮሃል። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደማይሰጣቸው እያወቀ ይመጣል፣ እንደገና ይጮሃል። ከፊቱ የሚቀመጡት ደግሞ ሰውየው ካሴቱን በመንቀሉ ያጨበጭባሉ። እኔ ያን ጊዜ «ጀግናው» እያልሁ ነበር የማስረዳው፤ ሊስትሮው አንድ ቀን ዞሮ «ጋሼ፣ ይኼ ጀግና ከሆነ ክፉው ማነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።


ታንኳ ቀዛፊ — እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ጋሼ፣ ይህን ስላጫወቱን እናመሰግናለን። እኔ ስለ ደሴቷ ጥቂት ልበል።

ከባሕር ዳር ዳርቻ ቆሞ ክብራንንና እንጦስን ለሚያይ ሰው ደሴት ማለት መሸሸጊያ ነው። የነገሥታቱ ዐፅም በዳጋ እስጢፋኖስ ያረፈው፣ መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ በየገዳሙ የተቀመጡት ውኃው ስለሚጠብቃቸው ነው። ፊልሙ ይህን ገልብጦታል፤ ውኃው የሚጠብቀው ውጭ ያሉትን ከውስጦቹ ነው። የፖሊሶቹ ዋና ጣቢያ ያለው ደግሞ የነፃነት ሐውልት በቆመበት ደሴት ላይ ነው፤ ይህን ያሰበው ሰው ሳይስቅ የጻፈው አይመስለኝም።

ለእኛ ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። የጎንደር ነገሥታት የዙፋን ተወዳዳሪ የሆኑትን ዘመዶቻቸውን ወህኒ አምባ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ «ወህኒ ቤት» የምንለው ቃል ራሱ ከዚያ አምባ ስም የመጣ ነው። አምባውም እንደ ማንሃተን ነው፤ አናቱ ላይ እስረኞቹ ይኖራሉ፣ መውጫ መውረጃው ብቻ ይጠበቃል። ልዩነቱ ከአምባው ላይ አንዳንዴ ንጉሥ መውረዱ ነው። ከካርፔንተር ደሴት የሚወጣው ንጉሥ ግን ቀድሞም ንጉሥ የነበረው ነው።


ከደብረ ታቦር — እሑድ፣ ከቀኑ 6፡40

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ክርክሩ ሽፍታ ነው አይደለም በሚለው ላይ ከቆመ፣ ሽፍታን ከቀማኛ የሚለየው በደሉ ብቻ አይደለም የሚል አስተያየት አለኝ፤ የሚለየው መመለሻው ነው።

ሽፍታ ሲወጣ ብቻውን ይወጣል፤ ሲገባ ግን ብቻውን አይገባም። መሐል የሚገቡ ሽማግሌዎችና ካህናት አሉ፣ «ምሕረት ተደርጎልሃል» የሚል ቃል የሚያደርስ ሰው አለ፣ ዳግመኛ እንዳይሸፍት ዋስ የሚሆን ዘመድ አለ፤ እሱም በደለኛ መሆኑን ለማሳየት ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይቀርባል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በቋራ በሸፈቱ ጊዜ ራስ ዓሊና እቴጌ መነን በጦር ብቻ አላሳደዷቸውም፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩላቸው። ጋብቻው ዋስ መሆኑ ነበር። ዋሱ እንዳልያዘ፣ ካሣም ተመልሰው እንደ ሸፈቱ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው እንደ ነገሡ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ የምኖርባት ከተማ የራስ ዓሊ መቀመጫ ስለነበረች ይህን ታሪክ በሌላ ጆሮ ነው የምንሰማው። ተዋበችን ግን ካሣ እስክትሞት ድረስ አልተዋትም ይባላል። ዋስነቱ ቢፈርስም ሰውነቱ ተርፏል ማለት ነው።

አሁን ፕሊስከንን ተመልከቱት። እሱም ምሕረት ተሰጥቶታል። ዋሱ ማነው? ሃውክ መጀመሪያ መድኃኒት ነው ብሎ መርፌ ያስወጋዋል፤ ከተወጋ በኋላ ነው በአንገቱ የደም ሥሮች ውስጥ ሁለት ደቃቅ ፈንጂዎች እንደ ገቡ፣ ከ22 ሰዓት በኋላ እንደሚፈነዱ የሚነግረው። እኛ አንገት ላይ ድንጋይ የምናስቀምጠው ሰው እንዲያየው ነው፤ ያም የሚወርድ ድንጋይ ነው፣ የሚያወርደውም የተበደለው ሰው በገዛ እጁ ነው። የፕሊስከን ድንጋይ ግን ከቆዳው ሥር ነው፤ ማንም አያየውም፣ የሚያወርደውም ማሽን ነው። ሲያወርዱለት እንኳ የቀረችው ጥቂት ሰኮንድ ናት።

ስለዚህ ለወንድሜ ለፔዳ ልጅ የምለው፣ ፕሊስከን ቀማኛ አይደለም፤ መመለሻውን የዘጉበት ሽፍታ ነው። ዋስ የሚሆነው አንድ ሰው በአገሩ አልተገኘም። ይህን ያህል አገር ባዶ መሆኑ ከግንቡና ከፈንጂው ይልቅ የሚያስፈራኝ ነው፤ የዚያ ዘመን ጨለማ ለእኔ እዚህ ላይ ነው ያለው።


የፔዳ ልጅ — እሑድ፣ ከቀኑ 7፡15

የዋሱን ነገር በደንብ አስረድተውኛል፤ አክብሬ ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ ዋስ ማጣት ካሴት ለማጥፋት ምክንያት ይሆናል ወይ? ያ ካሴት የፕሬዚዳንቱ የግል ዕቃ አይደለም። ሃውክን መግደል ይችል ነበር፤ አልገደለም። ፕሬዚዳንቱንም በቃል አዋርዶ መሄድ ይችል ነበር። የመረጠው ግን ያላወቁትና ያልበደሉት ሰዎች የሚጠብቁትን ነገር ማጥፋት ነው።


በረራ ጠባቂ — እሑድ፣ ከቀኑ 9፡50

ከዚህ ከተማ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ሁሉ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም በተሰየመው ማረፊያ በኩል ያልፋል። ደጃዝማች በላይ ጣሊያንን አምስቱን ዓመት በጎጃም የተዋጉ ናቸው፤ ድል ከሆነ በኋላ ግን በራሳቸው መንግሥት ተፈርዶባቸው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ሻንጣዬን እየጎተትሁ በዚያ በር በገባሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ይህን ያነሣሁት ሽልማትና ገመድ ከአንድ እጅ እንደሚመጡ ለእኛ ማስረዳት ስለማያስፈልግ ነው። ፕሊስከንን የሸለመውም የፈረደበትም መንግሥት ነው። ደንገል ስለ ቃሉ ከጠየቀ ዘንድ፣ እኔ «ሽፍታ» ከማለት ይልቅ «የተካደ ወታደር» ብለው እመርጣለሁ።


አስተባባሪ — እሑድ፣ ከቀኑ 10፡05

ታሪክ ማንሣቱ ለክሩ ጠቅሞታል፤ ይቀጥል። ወደ ዛሬው ፖለቲካ የሚወስዱ ሁለት መልሶችን ግን አንሥቻለሁ። ሌላ ቦታ አለላቸው።


ወለተ ዘጌ — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

ወንድሞቼ፣ ጽሑፋችሁን ሁሉ በጥሞና አነበብሁት። ሽፍታውን፣ ዋሱን፣ አምባውን፣ ሁሉንም። አንድ ሰው እንኳ የማጊን ስም አላነሣም።

ማጊ እዚያ ወህኒ ውስጥ ያለች ሴት ናት። የኒውዮርክ መስፍን የሚባለው የእስረኞቹ አለቃ ብሬን ለተባለው ብልህ ሰው እንደ ዕቃ ሰጥቷታል፤ እሷ ግን ሰውየውን ወድዳዋለች። በፈንጂ በታጠረው ድልድይ ላይ ሲሸሹ በመጀመሪያ ታክሲ ነጂው ካቢ ይሞታል፤ ከዚያ ብሬን ይረግጥና ፈንጂው ይገድለዋል። ማጊ ከሬሳው አልነሣም ትላለች። ፕሊስከን እንድትመጣ ይጠራታል፤ እንደማትመጣ ሲያውቅ መሣሪያ ይወረውርላታል። የመስፍኑ መኪና እየበረረ ሲመጣ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ትተኩስበታለች፤ እስኪገጫት ድረስ ትተኩሳለች። ይህ በፊልሙ ውስጥ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ፊልሙን ሦስት ጊዜ ሳየው ሦስቱንም ጊዜ እዚያ ላይ አቁሜዋለሁ።

ፕሬዚዳንቱን «እሳቸው» ማለት አልችልም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ይህ ሰው ግንቡ ላይ ከወጣ በኋላ መትረየስ ይዞ መስፍኑን ሲረሽነው፣ እስረኛ ሳለ በግድ እንዲለው የተደረገውን የመስፍኑን ውዳሴ መልሶ እየጮኸበት ነው። ለራሱ ውርደት ቂም መያዝ ያውቃል ማለት ነው። እሱን ለማዳን ለሞቱት ግን የሚለው ነገር የለውም።

አሁን የፕሊስከንን ጥያቄ እንደገና ስሙት። እናንተ ሁላችሁ ፈተና አድርጋችሁ ነው የወሰዳችሁት፤ እኔ እንደዚያ አልሰማሁትም። ሰውየው ያለው «ለቅሶ ድረስ» ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ጠላት እንኳ ይመጣል፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ ሳይቀመጥም ቢሆን ይመለሳል። ቡና እንኳ አይጠጣም። ከዚያ በኋላ ጠቡ ይቀጥላል፤ መምጣቱ ግን ይቆጠርለታል። ዘጌ ውስጥ በወሰን ምክንያት ለዓመታት የማይነጋገሩ ሁለት ቤቶችን አውቃለሁ፤ የአንደኛው አያት ሲሞት የሌላኛው ቤት ሰው ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ በማግሥቱ ተመልሰው ተዘጋጉ። ፕሊስከን የጠበቀው ይህን ያህል ነው። ሰውየው «ነፍሳቸውን ይማር፤ የሴትዮዋ ስም ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ካሴቱን ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠው ነበር ብዬ አምናለሁ። እሱ ግን ሰዓቱን አየ፣ አገሪቱ እንደምታመሰግናቸው ተናገረ፣ ወደ ካሜራው ዞረ።

ስለዚህ ካሴቱን ማን አጠፋው?


የፔዳ ልጅ — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡02

እኅቴ፣ ስለ ማጊ አለማንሣታችን ትክክል አይደለም፤ ወቀሳሽን ተቀብያለሁ። የለቅሶውንም ነገር እንደዚያ አይቼው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ያ ካሴት ጠፍቶ ጦርነት ቢነሣ ለሚሞቱት ለቅሶ የሚደርሰው ማነው? ፕሊስከን ለሦስት ሰዎች ክብር ሲል ስማቸውን የማያውቃቸውን ብዙዎችን ረሳ። ፕሬዚዳንቱ ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹን አስቦ ሦስቱን ረሳ። ሁለቱ የሚለያዩት በቁጥሩ ብቻ ከሆነ፣ ለምን አንዱን ወድደን ሌላውን እንደምንጠላ አሁንም አልገባኝም። ሰውየውን እንደምወደው ግን አልክድም። ይህ ነው የሚያናድደኝ።


ደንገል — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሌላ አንድ ትንሽ ነገር ላክል፤ ለቃሉ ጉዳይ የሚጠቅም ይመስለኛል።

መጀመሪያ ላይ ሃውክ «ፕሊስከን» ብሎ ሲጠራው «ስኔክ በለኝ» ይለዋል። መጨረሻ ላይ ሃውክ አብሮት እንዲሠራ ሲጋብዘው «ስኔክ» ብሎ ይጠራዋል፤ ያን ጊዜ መልሱ «ስሜ ፕሊስከን ነው» ይሆናል። ትናንት በጨለማው ውስጥ ማናችንም ይህን አላነሣነውም። ስኔክ ማለት እባብ ማለት ነው፤ ለእኔ ግን እንደ ፈረስ ስም ነው የሚሰማኝ። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ኮስትር እንደምንለው ማለት ነው። የፈረስ ስም በፉከራ ላይ ይጠራል፣ በጦር ሜዳ ወዳጅም ጠላትም ይጠራዋል፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ግን አይጻፍም። ሃውክ በመዝገብ ስሙ ሲጠራው የዱር ስሙን ሰጠው፤ ሃውክ በዱር ስሙ ሊወዳጀው ሲሞክር ደግሞ ነጠቀው። በዚህም ምክንያት ከ«ከደብረ ታቦር» አስተያየት ጋር አልስማማም፤ በሩን የዘጋው መንግሥት ብቻ አይደለም። መጨረሻ ላይ በሩ ተከፍቶለት ነበር፤ አልገባም አለ።

አንድ ጉድለት ግን አለበት። ሽፍታ ይፎክራል፣ ቀረርቶ ያሰማል፤ ይህ ሰው ፊልሙ አልቆ እስኪጠፋ ድረስ ስለ ራሱ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንኳ አልተናገረም። ሽፍታ የሚለውን ቃሌን በዚህ ምክንያት ግማሹን እመልሳለሁ።


ከደብረ ታቦር — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡00

በሩ የተከፈተለት ለሥራ ነው፤ ለመግባት አይደለም። የሃውክን ግብዣ ምሕረት ልንለው አንችልም፤ ቅጥር ነው። በቀረው እስማማለሁ።


ታንኳ ቀዛፊ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጋሽ ቪዲዮን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በካሴት ሥራ ስለ ኖሩ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እንደዚያ ተመዝዞ የወጣ ሪባን በእርግጥ ጠፍቷል ማለት ነው? ወይስ ሁላችንም በከንቱ ነው የምንከራከረው?


ጋሽ ቪዲዮ — እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡25

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ጠዋት ጀምሮ ስጠብቀው ነበር፤ ማታ ደግሞ ለማረጋገጥ ብዬ መጨረሻውን ደጋግሜ አየሁት።

ተመዝዞ የወጣ ሪባን አልሞተም። ዴኩ ስንት ጊዜ በልቶብኝ፣ ሪባኑ እንደ አንጀት ተዘርግቶ መሬት ላይ ሰብስቤዋለሁ። የዘፈን ካሴት ከሆነ በቢክ እስክሪብቶ ጥርሱን ይዘህ ቀስ እያልህ ታጠነጥነዋለህ። ከተጨማደደ በጣትህና በለስላሳ ጨርቅ መሐል ታሳልፈዋለህ፤ የተጨማደደበት ቦታ ላይ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ይንቦጫቦጫል እንጂ ይሰማል። ከተበጠሰም ሁለቱን ጫፍ በምላጭ እኩል ቆርጠህ፣ ከጀርባው በቀጭን ስኮች ትቀጥለዋለህ፤ የሚጠፋው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሊስትሮው ያን ጊዜ ይህን ቢያውቅ ኖሮ እንደዚያ አይጮህም ነበር፤ ሳልነግረው ቀረሁ።

ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት አልነበረም ማለት ነው፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢለቅመው ኖሮ። እኔ ያየሁት ፕሊስከን እየመዘዘ ሲሄድ ነው፤ ከኋላው የሚለቅም ሰው አላየሁም። ያን ሁሉ ፖሊስ፣ ያን ሁሉ ሄሊኮፕተር ይዘው አንድ ቢክ እስክሪብቶ የያዘ ሰው አልነበራቸውም።

ደንገል፣ በሚመጣው ቅዳሜ የምታሳዩ ከሆነ እኔም ልምጣ። ሁለት አግዳሚ ወንበር ከድሮው ቤት ተርፎኛል፤ በባጃጅ አስጭኜ አመጣዋለሁ። መብራት ከሄደ ደግሞ ጄኔሬተር አትፈልጉ፤ የቀረውን ቆሜ በቃሌ አስረዳችኋለሁ።